የሳል ያልሆነ ሽሮፕ

እናቴ ከሞተች በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ አላለቀስኩም። "አትፍረዱብኝ" ልል ነበር። ፍረዱ፤ እዚህ አረብ አገር፣ አቡ ሃሙር ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሴቶች ቀድመዋችኋል።

መርዶውን የሰማሁት እዚያው ነው፣ አርብ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ። ጠዋት ያደረሰኝ ዋሲሁን ነበር፣ የምሠራበት ቤት ሹፌር። ዋሲሁን ከምንኖርበት ከአል ቱማማ አቡ ሃሙር እስኪደርስ ቢያንስ ሁለት መኪና ሳይሰድብ አይነዳም፤ ያን ቀን አንድ ቃል አልወጣውም። የሆነ ነገር እንዳለማ ገብቶኛል። ስወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበቡኝ፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ብብቴን ይዘው ደገፉኝ። ማን ሊወድቅ? እኔ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ዋሲሁን ኮፍያውን አውልቆ "እናትሽ አርፋለች፣ አልታየች" አለኝ።

"እሺ" አልኩት።

ማዳም ሽንኩርት ክተፊ ስትለኝ የምለውን እሺ። ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ አይተዋት የማያውቋትን እናቴን ስም ጠይቀው በስሟ ያለቅሳሉ፣ እኔ መሐላቸው ቆሜ የዋሲሁንን የጫማ ማሰሪያ አያለሁ፤ ተፈቷል። እርምሽን አውጪ፣ እርምሽን አውጪ አሉኝ። ከየት ላውጣ? እንባው እንደ ማስነጠስ ይመጣ ይመጣና ተመልሶ ይሄዳል። በኋላ አንዷ "ይቺ ልጅ ደርቃለች፣ አረብ አገር አደረቃት" ስትል ሰማኋት። ሰምቼ እንኳ አልተናደድኩም፤ እኔ፣ ለአንድ የበሰበሰ ቲማቲም ከሰፈሩ ሱቅ፣ ከባቃላው ባለቤት ጋር የምጣላዋ።

ቤት ስመለስ እኔ ያላወጣሁትን እንባ ማዳም አወጣችው። የእሷም እናት የሞተችባት ባለፈው ዓመት ነው። አላህ ይርሐምሃ፣ ነፍሷን ይማር አለችና፣ ዛሬንም ነገንም እንዳልሠራ ነግራኝ ሄደች። ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ። ኤሲው ያጉረመርማል። እናቴን ላስብ ብዬ ስሞክር ትዝ የሚለኝ ፍሪጅ ውስጥ በስኳር የተነከረው እንጆሪ ነው፤ ውሃውን ለቅቋል፣ ዛሬ ካልተጣደ ይበላሻል። ተነስቼ ጣድኩት።

የእኔ ሹግል፣ ሥራዬ፣ ይኸው ነው። ማዳም ሐሙስ ሐሙስ እንግዳ አለባት፣ የሱቅ ሽሮፕ ደግሞ ቀለም ነው ብላ ቤቷ አታስገባም። ስለዚህ የማፈላው እኔ ነኝ። ሲያሻቸው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ይጠጡታል፣ ሲያሻቸው ከወተት የሚሠራውን መሐለቢያ ላይ ያፈሱታል። እንጆሪው በስኳር ተነክሮ ያድራል። በማግስቱ በለስላሳ እሳት ይጣዳል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይጠጥር ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ይሰቀልና ራሱ ይንጠባጠባል። መጭመቅ የለም፤ ከጨመቁት ይደፈርሳል። የመጀመሪያ ጊዜ ጨምቄው ማዳም ሳምንቱን ሙሉ ስታነሳብኝ ከርማለች።

ጉዱን ያፈላው ቃሉ ነው። ወልዲያ ለእናቴ ስደውል ምን እየሠራሽ ነው ትለኛለች፣ ሽሮፕ እላታለሁ። "ውይ፣ ማን ታሞ?" እኛ አገር ሽሮፕ ሲባል የሳል ነዋ፤ ከፋርማሲ ተገዝቶ፣ ጠርሙሱ ተነቅንቆ፣ በማንኪያ። የሚጠጣ ነው፣ የፍራፍሬ ነው ብዬ ባስረዳት ወይ ፍንክች። ልጄ መድኃኒት ቀማሚ ሆነች ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች። ያኔ እሷንም ሳል ይዟት ነበርና፣ እስቲ ካፈላሽው ላኪልኝ አለችኝ። ሳቅኩባት። ሳሉን ብርድ ነው ብላኛለች፤ እኔም ብርድ ነው ብዬ ያዝኩ።

ግን ላኩላት። ራህማ ለእረፍት አገር ስትገባ አንድ ጠርሙስ እንጆሪ፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልዬ ሰጠኋት። ራህማ ከእኛ ቪላ አጥር ለአጥር የምትሠራ የወልዲያ ልጅ ናት፤ አገር ቤትም የእሷ እናትና የእኔ እናት የሚኖሩት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። በውሃ በጥብጠሽ አጠጪያት፣ የሳል አይደለም በያት ብዬ አደራ አልኳት። እሺ ብላኝ፣ ደርሳም ነግራታለች።

ጠርሙሱ ከደረሰ ወዲህ የእናቴ ሳል ጠፋ። እውነት እላችኋለሁ፣ በስልክ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳለችም። ድምፅዋ ጥርት ያለ። እኔም ጉራዬ ሌላ፤ አየሽ፣ ሽሮፔ ተስማማሽ እላታለሁ፣ እሷም መድኃኒት ነው እኮ ልጄ ትለኛለች። አንድ ክፉ አመል ብቻ አወጣች፤ ስልክ ቶሎ አታነሳም። ይጠራል ይጠራል፣ ሊዘጋ ሲል "ሃሎ" ትላለች። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። አጠገብሽ ያለ ስልክ ለማንሳት ምን ይህን ያህል ያስኬድሻል፣ እኔ እኮ ሰዓት ሰርቄ ነው የምደውለው እላታለሁ። ትስቅና ወሬ ትለውጣለች።

እንግዲህ ከመርዶው በኋላ ሽሮፑን ስቀምስ ስኳር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አይጣፍጠኝም። ማዳም አንዱን ሐሙስ ስኳሩ በዝቷል አለችኝ፣ የሚቀጥለውን አንሷል። ዋሲሁን አዝኖልኝ መኪና ውስጥ ሆድ የሚያባባ መዝሙር ይከፍትልኛል፤ ያላለቀሰ ሰው ውስጡ ይቋጥርና ይታመማል ይላል። እኔ እንጆሪ ነኝ እንዴ የምትጨምቀኝ አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ እውነቱ ይነገር። ለእናቷ ያላለቀሰች ሴት ምን ተብላ ትጠራለች? ከእንግዲህስ ለማን ልታለቅስ ነው? የሆነ ነገሬ ከእናቴ ጋር የተቀበረ መሰለኝ፣ እሱም ቢሆን ያን ያህል አላሳዘነኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ራህማ ከእረፍቷ ተመለሰች። ሻንጣዋን ሳትፈታ በጓሮ በር መጣች፤ እኔ ጨርቁን ሰቅዬ እንጆሪ እያጠለልኩ ነበር። አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩላት። ከዚያ ቁጭ ብላ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ድንኳኑ፣ ወንድሜ ደረጀ እንዴት እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እናቴን ያመማት ብርድ አልነበረም። ሳንባዋ ነው፣ ከዓመት በላይ። ሐኪም ቤት ትመላለስ ነበር፤ ልጄ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብላ እንዳይነግሩኝ ሁሉንም አስምላቸዋለች። ይህንንም እሺ ብዬ ሰማሁ። ሽሮፑ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።

"ሽሮፑንስ ጠጣችው?" አልኳት፣ የምለው አጥቼ።

ራህማ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

"በውሃ በጥብጬ ስሰጣት እምቢ አለችኝ፣ አልቱ። ጠርሙሱን ትራስጌዋ ነበር የምታኖረው፣ ከነማንኪያው። አንቺ ስትደውዪ 'ቆዩ፣ እንዳታነሱት' ትለናለች። አንድ ማንኪያ ትውጣለች፣ ጉሮሮዋ እስኪለሰልስ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ታነሳዋለች። ሳሏን እንዳትሰሚ ብላ። ስትዘጊው ወላሂ ደም እስክትተፋ ነበር የምትስለው። ሊያልቅባት ሲል ውሃ እየጨመረች አቆየችው።"

ራህማ ማዳሟ ጠርታት ሄደች። እኔ ጠርሙስ ቀቀልኩ፣ ሽሮፑን በትኩሱ ሞላሁ፣ ከደንኩ። ኧረ ምን እንባ። አንቺ ድንጋይ አልኩ ራሴን፣ ምድጃውን ወልውዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት አዲስ እንጆሪ ጥጄ፣ የአርባዋን ነገር ልጠይቀው ለደረጀ ልደውል አልኩ። የእናቴን ስልክ የያዘው እሱ ነው፤ ቁጥሩ ያው የእሷ፣ እኔ ስልክ ላይም "እማዬ" እንዳለ አለ። ስፒከር ላይ አድርጌ ምድጃው አጠገብ አቆምኩትና ማንኪያዬን ያዝኩ። መጠበቁን ለምጄዋለሁ፤ እስኪነሳ አንድ ዙር አረፋ እገፍፋለሁ።

አንዴ ብቻ ጠራና ተነሳ።

"ሃሎ፣ አልታየች" አለ ደረጀ።

ማንኪያዬ ገና አረፋውን አልነካም።

"ሃሎ? ትሰሚኛለሽ?"

"ምነው ቶሎ አነሳኸው?" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላውቅም። ማዳም የተቃጠለ ስኳር ሸትቷት ስትመጣ እኔ ወለሉ ላይ ነኝ። ጩኸቴ አጥር ተሻግሮ ራህማ በጓሮ በር እየሮጠች ገባች፤ ይሄኔ ነበር ደጋፊ የሚያስፈልገኝ፣ ብብቴን ይዛ ልታነሳኝ ሞከረች፣ አልቻለችም። ማዳም እሳቱን አጥፍታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ውስጥ ደረጀ አሁንም ሃሎ ይላል።