ቀይ የተሰመረበት

«እማማ፣ አራቱ ይውጡ» አለ ድራመሩ፣ የዘፈኖቹን ዝርዝር ጉልበቷ ላይ እያኖረ። «ባንዳችን አሥራ አንድ ዓመት ጠፍቶ በደካማ አልበም ቢመለስ ሰው ያዝንብናል። አምስቱ ግሩም ናቸው፤ የቀሩት ላይ የልጅዎ ድምፅ ደክሟል። እሱ ስለሌለ ፈቃዱ የእርስዎ ነው። ፊርማ ከሌለዎት አውራ ጣትዎም ይበቃል፤ የጣት ቀለሙን ይኸው ከፈትኩት።»

የእናትየው ልጅ፣ የባንዱ ዘፋኝ፣ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰው ይገባል፣ «ያጽናሽ» ይላል፣ በተውሶ ወንበር ላይ ይቀመጥና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ወገቧ ከወንበሩ ጋር የተሰፋ መስሏታል።

«የናንተ ችግር ብዛቱ አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷ። «ነፍሱን ይማረውና፣ አንዱን ዘፈን ሲጀምር ሻይ ጥጄ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆ አጥቤ ስመለስ ያው ዘፈን ነው።»

«ገና መግቢያው ነበራ» አለ ድራመሩ። ሁለቱም ፈገግ አሉና አፈሩ።

እናትየው በጣቷ ቁጥሮቹን ተከትላ ወረደች። ሰባተኛው ተሰርዟል። «የጓሮው በር» ይላል።

«ይሄ አንተ የደረስከው አይደል?»

«ነው። ያኔ ቀይ መስመር አስምሮበት በእርስዎ እጅ ላከልኝ፤ አንዲት ቃል እንኳ ሳይጨምር። ታሞ ሲጠራኝ ደግሞ እሱን ካልቀዳን ብሎ ድርቅ አለ። አዝኖልኝ ነው። በሐዘኔታ መግባት አልፈልግም።»

ጣቷን ከዝርዝሩ ላይ አነሣች።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ልጇ በዚህ ዘፈን ከድራመሩ ጋር ተኳርፎ፣ ጊታሩን አንጠልጥሎ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲወጣ፣ «ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ስጪልኝ» ብሏት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አገኘች። ማንበብ አትችልም። ቀይ የተሰመረበት ቁም ነገር ያለው መሰላትና እሱን ሰጠች፤ ሌላውን ይፈልገው ይሆናል ብላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። በስልክ «ሰጠሽው?» ሲላት «ሰጠሁት» አለች። ልጇ መልስ ጠበቀ። መልስ ሲጠፋ እሱም ኮራ።

ዘንድሮ የጎልማሶች ትምህርት የገባችው፣ አልበሙ ሲወጣ ሽፋኑን ፊቱ አንብባ ልታስደንቀው ነበር። ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የመድኃኒቱን ካርቶን፣ የሳሙናውን መጠቅለያ። ከሁለት ወር በፊት መሳቢያዋን ከፈተች። አንብባ ስትጨርስ የትኛውን ወረቀት መስጠት እንደነበረባት ገባት። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሲመጣ ልጇ በጣም ደክሞት ይገኛል።

አሁን ተነሥታ ወረቀቱን አመጣችው። ይሄም ልጅ ከዛሬ በኋላ ቤቴን አይረግጥም ብላ እያሰበች ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ላንብብልህ።»

«ያነባሉ እንዴ?»

«ቀስ ብዬ። ልጄ፣ ያኔ የሰጠሁህ ለአንተ የተጻፈው አልነበረም። ወረቀቱ ሁለት ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ድራመሩ ወረቀቱን አየ፤ የጓደኛውን እጅ ጽሑፍ ለየው።

«ዘፈንህን… የሰረዝኩት… መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እኔ ልዘፍነው… ስላልቻልኩ ነው። እስክችለው…» የመጨረሻው ቃል ላይ ጣቷ ቆመ። ድራመሩ ቃሉን ካለበት አይቶታል፤ አልነገራትም።

«ጠ… ጠብቀኝ።»

ድራመሩ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። አልተቆጣም፤ ለቁጣም አቅም የቀረው አይመስልም።

«አልቻለውምኮ፣ እማማ» አለ በመጨረሻ። «መሐሉ ላይ ትንፋሹ ይቆረጣል።»

«ይቆረጥ። የሌሎቹ ሦስቱም እንደዚያው፤ አራቱም ይግቡ። ደክሞም ቢሆን የዘፈነው ነው።»

ድራመሩ የጣት ቀለሙን ዘግቶ ኪሱ ከተተና እስክርቢቶውን አቀበላት። ከተሰረዘው መስመር አጠገብ፣ የዘፈኑን ስም በትልልቅ ፊደል ልትጽፍ፣ «የ» ብላ ጀመረች። ጉልበቷ ላይ እንዳይንሸራተት፣ እሱ የወረቀቱን ጥግ ይዞላት ነበር።