የግራ ዓይኗ ያነሰች መ

የገበየሁ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ባይሆን ኖሮ ዓመት ሁለት ዓመት ይደብቀው ነበር፤ እሱ መደበቅ የሚያቅተው ሰው አይደለም። ግን መሰላል ላይ ወጥቶ፣ የመርሳ ገበያተኛ ከሥር አንጋጦ እያየው፣ የአንድ ወፍጮ ቤት ስም ሲጽፍ ብሩሹ ከእጁ አመለጠና የወፍጮ ቤቱን ጌታ ነጭ ጋቢ ቀይ በቀይ አደረገው። ሰው ሳቀ። ገበየሁም አብሮ ሳቀ። ከመሰላሉ ሲወርድ ግን ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ እጁ ከኪሱ ወጣ ማለት አይቻልም።

ለማያውቀው ልንገር። ገበየሁ ሠላሳ ዓመት የማስታወቂያ ጽሑፍ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ከመርሳ እስከ ወልድያ መግቢያ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ፀጉር ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጎሚስታ፣ ሻይ ቤት ሁሉ ስሙን የተቀበለው ከእሱ ብሩሽ ነው። ፊደሉን ሰው ከሩቅ ይለየዋል፤ በተለይ መ የምትለዋን። የገበየሁ መ የግራ ዓይኗ ከቀኟ ታንሳለች። በወጣትነቱ ሲጀምር እንደዚያ ሆና ወጣችለት፤ ላስተካክላትም አላለ። ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ "የሰውስ ሁለት ዓይኑ እኩል ነው እንዴ?" ይላል።

እጁ ሲከዳው እንጀራው ቀጠነ። እሱስ ይሁን፤ ሚስቱ ፋንቱ ሽንኩርትና ቲማቲም እየቸረቸረች ቤቱን ይዛዋለች። ገበየሁን እንቅልፍ የነሣው ሌላ ነገር ነበር። የጻፈው ሁሉ እያለቀ ነው። አንዱን ሰሌዳ ፀሐይ በላው፣ አንዱን በጦርነቱ ጊዜ ጥይት በሳሳው፣ ሌላውን ባለቤቱ ሱቁን ሲያድስ ነቅሎ ጣለው። በዓመት ሦስት አራቱ ይሄዳል፤ የሚተካ እጅ የለም። "እኔ ሳልሞት ፊደሌ ሊያልቅ ነው" አለ አንድ ቀን እራት ላይ።

ይህን የሰማችው ልጁ ፌቨን ናት። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጋ አጥታ፣ ቤት የተቀመጠች ልጅ። በስልኳ ቪዲዮ ስታይ ስቲከር የሚቆርጥ ትንሽ ማሽን አየች፤ በኮምፒውተር የሰጡትን ቅርጽ ሁሉ በቀጭን ቢላዋ እየዞረ ይቆርጣል። እናቷ የእቁብ ዕጣዋን አወጣችላትና ማሽኑ በካርቶን ታሽጎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ።

"አባዬ፣ ፊደልህን ስጠኝና እሷ ትቁረጠው። እጅ አያስፈልግም" አለችው።

እጅ አያስፈልግም መባሉ ደስም አለው፣ ከነከነውም።

ችግሩ ገበየሁ ፊደሉን ወረቀት ላይ አስቀምጦት አያውቅም። ያለው በየሱቁ ግንባር ላይ ነው። ስለዚህ ፌቨን ስልኳን ይዛ ሦስት ሳምንት ስትዞር ከረመች። ፀ የምትለዋን ከፀጉር ቤቱ፣ ሥ የምትለዋን ከሥጋ ቤቱ፣ ቁጥሮቹን ከየቤቱ በር ላይ ፎቶ አነሣች። ሳ የተገኘችው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሷም መሐሏን ጥይት በስቷታል። ፌቨን ቀዳዳዋን በኮምፒውተር ሞላችላት። መ ላይ ስትደርስ፣

"ይችን የግራ ዓይኗን ትንሽ ላስፋት?" ብላ ጠየቀች።

"ብትነኪያት ወዮልሽ!" አለ ገበየሁ። በዚያ ቤት እንዲያ ሲቆጣ የሰማው አልነበረም።

አዲስ ማሽን መጀመር ወይፈን ከማቅናት አይተናነስም። ማሽኗ ከልብስ ስፌት መኪና ክዳን አትበልጥም፤ ግን አመሏ የትየለሌ ነው። መጀመሪያ ቢላዋዋን አጥልቀው ቢሰጧት ስቲከሩን ከነጀርባ ወረቀቱ ሸረከተችው። ቢላዋውን ቢያነሱላት ጫር ጫር አድርጋ ተወችው። በሦስተኛው ስቲከሩ ለመቆረጥ ከተለጠፈበት ፕላስቲክ ተነሥቶ ተጠቅልሎ ገባባት።

"ይች ነገር እቁቤን በልታ ልትቀር ነው" አለች ፋንቱ።

በአራተኛው ሆነላቸው። ፌቨን የጻፈችላት "መርሳ" የምትለዋን አንዲት ቃል ነበር። ቢላዋዋ ቀስ እያለች ሄደች፤ የግራዋን ትንሽ ዓይን ዞረች፣ ከዚያ የቀኟን ዞረች። ገበየሁ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ኪሱ ውስጥ ያለው እጁም አብሯት ይዞራል። ሲያልቅ ፋንቱ የሰፌድ መስፊያ ወስፌዋን አምጥታ የፊደሉን ዓይኖች አንድ በአንድ ነቅላ አወጣቻቸውና ቃሉን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። የእሱ መ ናት። ቅንጣት አልተዛነፈችም። ገበየሁ አለቀሰ። ልደብቅለት አልችልም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።

ወሬ በመርሳ እግር የለውም እንጂ ክንፍ አለው። በማግስቱ የባጃጅ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ገዛኸኝ መጣ። የከተማው ስልሳ ባጃጆች በጎናቸው "መርሳ" የሚል ጽሑፍና ቁጥር እንዲለጥፉ ታዘዋል።

"ጋሽ ገበየሁ፣ ሰኞ አንዱን ባጃጅ ለጥፈው ያሳዩኝ። ካማረ ስልሳውም የእርስዎ ነው። ሰኞ ካለፈ ግን ወልድያ እንሰጠዋለን፤ የታዘዝነው ቀን አለው" አለ።

ስልሳ ባጃጅ ማለት እንግዲህ ስልሳ መ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በመርሳ መንገድ ላይ የምትመላለስ፣ ፀሐይ ሲበላት ማሽኗ እንደገና የምትቆርጣት መ። ገበየሁ ዕድሜ የተጨመረለት መሰለው።

ፋንቱ ግን አንድ ነገር ላይ ቆመች። "አዲስ ዕቃ ሳይባረክ ሥራ አይጀመርበትም። ለባጃጅ፣ ለወፍጮ፣ ለሱቅ የሚደረገው ለእኛ ምን ሲሆን ይቀራል?" እውነቷን ነው፤ በዚያ አገር ጠበል ያልነካው አዲስ ነገር የለም። ቅዳሜ ጠዋት የነፍስ አባታቸው መምሬ አበባው ጠበል በሃይላንድ ይዘው መጡ። ሦስት ቀን ጠፍቶ የነበረው መብራትም የዚያን ዕለት ነው የመጣው። ተመልሶ ሳይጠፋ ብለው አስነሥተዋት፣ ማሽኗ ክዳኗን ከፍታ የመጀመሪያውን ባጃጅ ጽሑፍ እየቆረጠች ነበር።

"አባዬ፣ ከመብራቱ ልንቀላት?" አለች ፌቨን።

"ተይ፣ እየሠራች ትባረክ።"

መምሬ አበባው አስተዋይ ሰው ናቸው። "መብራት ያለበት ነገር ነው" ብለው ጸሎቱን አደረሱ፣ በመስቀላቸው ባረኩ፣ ጫፏ ላይ በጣታቸው ሦስት ጠብታ ብቻ ነካ አደረጉላት። ማሽኗም ሥራዋን አላቋረጠችም።

"ይበቃታል። ጠበል በእምነት ነው እንጂ በብዛት አይደለም" አሉ።

"አባቴ፣ ለእጄስ?" አለ ገበየሁ።

"ለእጅህማ ያስፈልግሃል። በል ወደ ደጅ ወጣ በልና እጠበው" ብለው ሃይላንዱን ሰጡት።

እዚህ ላይ ሰውየውን አንገቱን ይዤ ወደ ደጅ በገፋሁት! አልወጣም። ከእንግዲህ እኔና እሷ አንድ እጅ ነን ብሎ አሰበ፤ ለሁለታችን አንድ ጠበል ይድረሰን አለ። ሁለት ዓመት የደበቀውን እጅ ከኪሱ አውጥቶ ከማሽኗ በላይ ዘረጋውና በግራው ሃይላንዱን ዘንበል አደረገ። ሐሳቡ አንድ ጠብታ ነበር። የሚንቀጠቀጠው እጅ የሃይላንዱን አንገት መታው፤ ግማሹ ጠበል ተዘረገፈና በተከፈተው አፏ ገባ።

ቢላዋዋ መሐል ላይ ቆመች። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ፌቨን ጮኻ ገመዱን ነቀለች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ገበየሁ ግን በጋቢው ጫፍ፣ በመዳፉ፣ ተንበርክኮ ሊያፍሰው ሞከረ። እጁ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የያዘው ይመለስባታል።

"ጠበል እንዴት ይጎዳል፣ መምሬ?" አለች ፋንቱ እየተርበተበተች።

"ጠበሉ አልጎዳም ልጄ። ውሃም ነውና፣ ውሃ እሳት ሲያገኝ የሚያደርገውን አደረገ" አሉ መምሬ አበባው፤ እሳቸውም አቀረቀሩ።

እሑድን ፀሐይ ላይ አሰጧት። ሰኞ በማለዳ አባትና ልጅ ማሽኗን በነጠላ ጠቅልለው በሚኒባስ ወልድያ ሄዱ። የሬዲዮና የስልክ ጠጋኙ ጁነይድ ፈታት፣ በመብራት እያየ አገላበጣት፣ ከዚያ መፍቻውን አስቀመጠ።

"ወላሂ ጋሽ ገበየሁ፣ ብዋሽዎት ደስ ባለኝ። ዋናው ቦርድ ተቃጥሏል። የዚህ ዓይነቱ ደግሞ እዚህ አገር አይገኝም" አለ። ሰውየው እንደቆመ ሲቀርበት ጊዜ፣ "አብሽሩ፣ ሰው አልሞተም" ብሎ ወንበር ሳበለት።

ገበየሁ አልተቀመጠም። ሰው እንዳልሞተ አልመሰለውም።

ፌቨን ናት ቀድማ የተናገረችው። "አባዬ፣ ፊደሉ እኮ ፍላሽ ላይ አለኝ። እዚሁ መንገድ ላይ ትልቅ ማሽን ያለው ማተሚያ ቤት አለ። ለገዛኸኝ የምናሳየውን አንዱን እዚያ እናስቆርጠው።"

ገበየሁ ማሽኗን በነጠላው መልሶ ጠቀለላት። "ይቆረጥ፤ እኔ ባልቆርጠውም ይቆረጥ" አለ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ብሩክ የሚባል ቀልጣፋ ጎልማሳ ነው። ፍላሹን ሰክቶ ፊደሎቹን በኮምፒውተሩ ዘርግቶ አያቸው። "ይሄ ፊደል ከየት የመጣ ነው?" አለ።

"የአባቴ ነው" አለች ፌቨን።

"ያምራል" አለና በሦስት ደቂቃ ቆርጦ ሰጣቸው። ፍላሹንም መለሰላቸው። ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረውን ግን ማን ይመልሰዋል? ፌቨን ያን ቀን አላሰበችውም፤ እስካሁን ራሷን የምትወቅሰው በዚህ ነው።

ማታውን ገዛኸኝ ባጃጁን ዞሮ ዞሮ አየው። "አቤት ማማሩ!" አለ። "ማሽኗ ተበላሸች ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ የት አስቆረጣችሁት?"

ገበየሁ መዋሸት ይችል ነበር። "ወልድያ" አለ።

"ወልድያ ከሆነማ እርስዎ ለምን ይንከራተታሉ? እኛው ቀጥታ ሄደን እናሠራዋለን" አለ ገዛኸኝ፤ ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢኖርበት ገበየሁ የሚጣላው ሰው ባገኘ።

ስልሳው ባጃጅ በሳምንቱ ተለጠፈ። ከዚያ ሚኒባሶቹ፣ ከዚያ ሱቆቹ ቀጠሉ። በሦስት ወር ውስጥ ከመርሳ እስከ ወልድያ ድረስ አዲስ የተሰቀለ ሰሌዳ ሁሉ በዚያ ፊደል ሆነ፤ ሰውም "የወልድያ ፊደል" የሚል ስም አወጣለት። ፌቨን ደሟ ፈልቶ ብሩክ ዘንድ ሄደች።

"የማን ፊደል ነው የምትይኝ እህቴ?" አላት ሥራውን ሳያቋርጥ። "ፊደል የአገር ነው።"

ወደ ቤት ተመልሳ ለአባቷ ይህን ስትነግረው አልተቆጣም። እንዲቆጣ ፈልጋ ነበር። የሞተችውን ማሽን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ አልጋ ሥር ገፋት፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው መልካሙ ደጁን አንኳኳ። ሱቁ በግንባሩ "መልካሙ መለዋወጫ" የሚል ሰሌዳ ነበረው፤ ገበየሁ ከሃያ ዓመት በፊት የጻፈለት ነው። ሌሎቹ በስቲከር ስለተተኩ በመርሳ ከእጁ የቀረው ሰሌዳ ያን ጊዜ እሱ ብቻ ነበር።

"ጋሽ ገበየሁ፣ ለሌላ ሰው መስጠት ነውር መስሎኝ ነው" አለ መልካሙ። "በስቲከር ላሳድሰው ነው። ስቲከር ደግሞ ንጹሕ ላሜራ ካልሆነ አይዝም አሉኝ። የድሮውን ቀለም ይፍቁልኝ? ለመፋቅ እጅዎ አያስቸግርዎትም ብዬ ነው።"

አላስቸገረውም። ገበየሁ መሰላሉን ወጣ፤ የመፋቂያ ብርጭቆ ወረቀቱን ጨበጠ፤ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ለመጻፍ የማይሆን እጅ ለመፋቅ ይሆናል፤ መንቀጥቀጡ እንዲያውም ያግዛል። ከመልካሙ ስም ካን ፋቀ፣ ሙን ፋቀ፤ ከመለዋወጫው ዋን፣ ጫን። የቀለሙ ትቢያ ጢሙ ላይ እያረፈ ነው።

መልካሙ ከሥር ሆኖ ጥቅሉን ፈታና አዲሱን ስቲከር ወደ ላይ ዘረጋለት።

"አዩት? የወልድያ ፊደል እንዲህ ነው፤ ያምራል" አለ። ጥቂት አየት አደረገና ጣቱን መ ላይ አሳረፈ። "ይች ብቻ የግራ ዓይኗ አንሳለች። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው መሰል።"

ገበየሁ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ቁልቁል አያት። እሷም ታየዋለች።

"አዎ፣ ተሳስቶ ነው" አለ።

ከዚያም ሰሌዳው ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን መ ከትንሿ ዓይኗ ጀምሮ መፋቅ ያዘ።