ከጣሪያ ወደ ጣሪያ

የሥራ ባልደረቦቹ «አሞራው» ይሉታል። ወጣት ሳለ፣ ሌሎቹ በሩቅ ማያ መነጽር ፈልገው ያጡትን የላላ ዲሽ ከሁለት ኪሎ ሜትር በባዶ ዓይኑ አይቶ ያመለከተ ቴክኒሽያን ነው። ይህ ስም እንዳይቀርበት ሲል ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ደብቆ ኖሯል፤ ሩቅ ያለው ሁሉ ጭጋግ ለብሶበታል።

የዚያን ቀን ጠዋት ሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ ቆሟል። የወንድሙ ልጅ፣ እሷም ቴክኒሽያን፣ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቃ ኮረብታ ላይ ባለው ጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ ናት። ሁለቱ ዲሾች ፊት ለፊት ከተያዩ ጤና ጣቢያው የራጅ ፎቶ በደቂቃ ለሐኪሞቹ ይልካል። ካልተያዩ እንደ ወትሮው ፎቶው በመኪና ይሄዳል፤ ያውም መኪና ከተገኘ።

«ጋሼ፣ ጣሪያዬ ታየህ?» አለችው በስልክ።

«እንዴታ፣ ቁልጭ ብሎ።»

ያየው ነገር የለም። የኮረብታውን አቅጣጫ በግምት አስታውሶ ዲሹን አዞረ። የሲግናሉ ቁጥር ሰባ አንድ ላይ ቆመ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል፤ በስሌቱ ደግሞ ሃምሳ ሁለት መምጣት ነበረበት። ወደ ግራ ሲገፋው ባሰ፣ ወደ ቀኝ ሲገፋውም ባሰ።

«ከዚህ የተሻለ የለም፤ ላጥብቀው» አለ።

«ቆይ ጋሼ። አንተ እኮ ነህ ያስተማርከኝ። ዲሽ ዋናውን ጨረር ወደ ፊት ይልካል፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ደካማ ጨረሮች ይረጫል። የጎኑን የያዘ ሰው ዋናውን ያገኘ ይመስለዋል። ሃያ ያህል ጎድሎናል፤ ጎን ላይ ነን።»

«የተጣመመው ያንቺ ይሆናል።»

«የኔን ሁለቴ አየሁት። እሺ፣ በመስታወት ላብራልህ፤ ብልጭ ባለበት አነጣጥር።»

ዓይኑን አጥብቦ ተመለከተ። ከነጭ ጭጋግ በቀር ምንም የለም።

«አዎ፣ በራ» አለ። «አየሁት።»



«ጋሼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «መስታወቱን ገና ከቦርሳዬ አላወጣሁትም።»

የጣሪያው ጠርዝ ግንብ ሥር ተቀመጠ። ይህችን ልጅ በትከሻው ተሸክሞ ነው ያሳደጋት፤ በልጅነቷ ስትዋሽ ሲይዛት የሚቆጣትም እሱ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመት አልፎታል።»

«በዚህ ዓይንህ ነው ማማ ላይ ስትወጣ የከረምከው?»

«ማማውስ ቅርብ ነው፣ ይዳሰሳል። እኔን የሚያስፈራኝ መሬት ላይ መቅረት ነው። አሞራው አበቃለት ሲሉ…» አልጨረሰውም።

አልተቆጣችውም፤ አላባበለችውምም። «ስማኝ» አለችው፤ «ለዛሬው ሥራ ዓይን አያስፈልገንም። እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ አንተ ብሎኑን ታዞራለህ። ወደ ቀኝ፣ ሩብ ዙር።»

ተነስቶ መፍቻውን ያዘ።

«ሰባ አራት። ሰባ ዘጠኝ። ጠፋ።»

«ልመለስ?»

«አትመለስ። ከጎኑ ጨረር ወጥተን፣ ዋናው ጋ ሳንደርስ ያለው ባዶ ላይ ነን።»

ባዶው ረዘመበት። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ወረደ።

«ሰባ ሦስት» አለች። «ስልሳ አንድ። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ሁለት። ሃምሳ አራት፤ አለፍከው፣ ትንሽ መለስ በል። ሃምሳ ሁለት። በቃ፣ እንዳትነካው።»

ብሎን ሲጠብቅ ዲሽ እንደሚሸሽ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አንዱን ትንሽ፣ በሰያፍ ያለውን ትንሽ እያለ አፈራርቆ አጠበቀ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እሷ የራሷን ስታጠብቅ ግን ሃምሳ ስድስት ላይ ደረሰ።

«አንዱን ጨርሰሽ ነው ወደ ሌላው የምትሄጂው» አላት። «ሁሉንም እያዳረስሽ፣ ቀስ ብለሽ።»

«ሳታየኝ እንዴት አወቅህ?»

«አንቺን ለማወቅ ማየት አያስፈልግም። ከተወለድሽ ጀምሮ ችኩል ነሽ፤ እናትሽ ሐኪም ቤት እስክትደርስ እንኳ ሳትጠብቂ ነው የወጣሽው።»

ሳቀች። ሁለቱም ሃምሳ ሁለት ላይ ሲረጉ ግን ድምጿ ተለወጠ። «ጋሼ፣ የቆምክበት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የዓይን ክፍል አለ። አሁን ግባ። ለአለቃችን እኔ አልናገርም፣ ራስህ ትነግረዋለህ። እስከዚያ ግን አብሬህ ማማ አልወጣም።»

«ታካሚ ነዎት ወይስ ጠያቂ?» አለችው የዓይን ክፍሉ በር ላይ ያገኛት ነርስ።

«ታካሚ» አለ።

ሐኪሟ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል አለችው። «ምን ሲጠብቁ ነበር?» ብላ ወቀሰችው።

በማግስቱ ለአለቃው ተናገረ። አለቃው «እስኪሻልህ መሬት ላይ ሆነህ አዳዲሶቹን ታስተምራለህ» አለው። የፈራው ደረሰ፤ ሲደርስ ግን እንደፈራው አላቃጠለውም።

የቀኝ ዓይኑ ፋሻ በተነሳ ዕለት የወንድሙ ልጅ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ዞሮ ረጅም ጊዜ አያት።

«ሽበት አውጥተሻል» አላት።

«ከዚህ ሁሉ መጀመሪያ የታየህ እሱ ነው?»

«ምን ላድርግ፣ ታየኝ» አለ አሞራው፤ ፈገግታውን መደበቅ አልቻለም።