ለ«ቲም» ቤት የሚመታ ቃል

«ክሪም» አለች እትዬ ከመዝገብ ቤቱ መሰላል ላይ ሳትወርድ። «ለቲም ክሪም ቤት ይመታል። ድሪምም አለልህ። ስቲም አለ፣ እንፋሎት ማለት ነው። ስክሪምም አለ፤ እሱ ግን ጩኸት ስለሆነ ለመሸኛ ግጥም አይሆንም።»

ገጣሚው የተባለውን ሁሉ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ገጣሚ አይደለም፤ የኢንሹራንስ ኩባንያው የካሳ ክፍል ሠራተኛ ነው። የተገጨ መኪና ፎቶ እያገላበጠ ጉዳቱን ሲገምት ነው የሚውለው። ግን ከዓመታት በፊት ለአንድ ሹፌር ሠርግ አራት መስመር ጽፎ ሰው ስላሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ ልደትም ይሁን ዝውውር፣ ጡረታም ይሁን ምርቃት፣ ከኬኩ ቀጥሎ የሚታዘዘው እሱ ሆነ። ቅጽል ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ሰው የማያውቀው ቤት የምታስመታለት እትዬ መሆኗን ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናት፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሮ እስከ ላይ ድረስ ሁሉም እትዬ ነው የሚላት። ድሮ ወደ ውጭ የሚላኩ ደብዳቤዎችን በእንግሊዝኛ ትተይብ ነበር፤ በዚያ ላይ ራዲዮ በማይዘጋበት ቤት ነው ያደገችው። አንድ ቃል ጣል ካደረጉላት ዘመዶቹን ሁሉ ጠርታ ታመጣለች። ልክክ ብሎ የሚገጥመውን «ቤት መታ» ትላለች። ለጥቂት የሳተውን ደግሞ «ይሄ ጎረቤት ነው የመታው» ብላ በራሷ ቀልድ ራሷ ትስቃለች።

«ጎረቤት የሚመቱትስ?» አላት።

«ግሪን፣ ክሊን፣ ኩዊን። ፈጠን ብለህ ካነበብከው ማንም አይነቃብህም።» የአንድ ፋይል አቧራ እፍ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው። «በአማርኛስ ካልክ ጎረቤቱ ሞልቷል። የለም፣ አይደለም፣ አልሄድም። ሰው እምቢ ባለ ቁጥር ለቲም ጎረቤት ይመታል። ቤት የሚመቱት ግን ጢምና ቂም ብቻ ናቸው። የሚሸኘው ወንድ ነው?»

«ሴት ናት።»

«ጢሙ ቀረ በለኛ!»

ሳቀች። እሱ ግን ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። የምትሸኘው ሴት መሰላሉ ላይ ነበረች።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ነግሮታል። ፋይሎቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ገብተው አልቀዋል፤ መዝገብ ቤቱ ይዘጋል፤ እትዬም ያለ ዕድሜዋ ጡረታ ትወጣለች።

«ዓርብ በኬክ፣ በስጦታ፣ በግጥም እናድርገው» አለው። «ቢሮ ጠርቼ ብነግራት ታለቅሳለች፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ አልችልም። እስከዚያው በእኔና በአንተ መካከል ይቅር። ‹ቲም› የምትለዋን ቃል አደራ እንዳትረሳ፤ የዘንድሮ መፈክራችን ናት።»

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። ገጣሚውም ከእሱ አይሻልም። ነገ ተነገ ወዲያ ካሳ ክፍሉም በኮምፒዩተር እንደሚተካ ያውቃል፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት፤ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወጣ። ግጥሙን ብቻውን ሊጽፍ ቢታገልም አልሆንልህ አለው። ሐሙስ ጠዋት እግሩ እንደ ልማዱ መዝገብ ቤት ወሰደው፤ ምን እያደረገ እንደሆነ የተረዳው ቃሉን ከጠየቃት በኋላ ነው።

እትዬ ከመሰላሉ ወርዳ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «ማናት ግን?»

«የቅርንጫፍ ሠራተኛ ናት። አታውቂያትም።»

«ባላውቃትስ? ክሪምና ድሪም ደርድረህ ብቻ ልትሸኛት ነው? ምን ዓይነት ሰው ናት?»

«ጥሩ ሰው ናት» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሰው ሲከፋው ቶሎ ይገባታል። የምትረዳው ሳትጠየቅ ነው።»

«በቃ እሱን ጻፈዋ። ቤት ባይመታም ጻፈው። እሷስ ምን አለች? ደስ ብሏት ነው የምትወጣው?»

«አታውቅም። የሚነገራት ዓርብ ነው። ሰርፕራይዝ ነው።»

እትዬ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ወይ ጉድ! ሴትዮዋ ኬክ ልትበላ መጥታ፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ፣ ከሥራ መውጣቷን ልትሰማ ነው? አንተም ቆመህ ልታነብላት?»

«ታዝዤ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«መታዘዝህንማ መቼ አጣሁት» አለች፤ ቁጣ ግን አልነበረባትም። ቦርሳዋን ከመሳቢያ አወጣች። «በል ተነስ፣ የምሳ ሰዓት ደርሷል። ቃል የገባህልኝን ረሳኸው እንዴ?»

ረስቶት ነበር። እትዬ እናቷን ከእህቷ ቤት አምጥታ አብራቸው ልትኖር ነው። አሮጊቷ ደረጃ መውጣት አቅቷቸዋል፤ እሷ ደግሞ ያለችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ስትፈልግ ከርማ ደረጃ የሌለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት አገኘች። ኪራዩን በደመወዟ እንደ ምንም ትችለዋለች፤ በጡረታ ግን የማይታሰብ ነው። አከራይዋ የዓመት ውል ካልሆነ አላከራይም፣ ምስክርም ይዘሽ ነይ ብለዋታል። ምስክር ሊሆናት ባለፈው ሳምንት ቃል የገባላት እሱ ነው።

መንገድ ላይ እትዬ የምታወራው ስለ መጋረጃ ነበር። ፀሐይ እናቷን ዓይናቸው ላይ እንዳትመታቸው ወፈር ያለ ጨርቅ ትፈልጋለች፤ ከጨለመባቸው ደግሞ ይከፋቸዋል። ገጣሚው ማቋረጫ ላይ በደረሱ ቁጥር «እትዬ» ብሎ ይጀምራል። «አቤት» ስትለው «መኪና ተጠንቀቂ» ይላታል።

«ዛሬ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ሆነህ ዋልክ» አለችው።

ቤቱ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። እትዬ ከውሉ በፊት አንዴ ልየው ብላ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ቧንቧውን ከፈተች፣ ዘጋች። ግድግዳው ሥር ክንዶቿን ዘርግታ ለካችና «አልጋዋ እዚህ ጋ ይሆናል፤ ስትነቃ በሩን ታያለች» አለች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቷት አያውቅም።

አከራይዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ውሉን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ተከራይዋ ዓመቱ ሳይሞላ ብትለቅ የቀሪዎቹን ወራት ኪራይ ትከፍላለች የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። «ይሄ ይግባሽ ልጄ። ከዚህ በፊት ተከራዮች ጥለውኝ እየሄዱ ተቸግሬያለሁ።»

«ገብቶኛል እማማ። እኔ የትም አልሄድም» አለች እትዬ። ብዕሩን ከፈተች።

«ቆይ» አለ ገጣሚው። እጁ ወረቀቱ ላይ አርፏል። «አንዴ ውጪ ላናግርሽ።»

«ፈርሜ ልምጣ።»

«ሳትፈርሚ።»

ግቢው ውስጥ አጥሩ ሥር ቆሙ። የሚያማምሩ ቃላት ሲያሰላስል ነበር የወጣው፤ አንዱም አልመጣለትም።

«የቅርንጫፍ ሴትዮ የለችም» አላት። «የምትሸኚው አንቺ ነሽ። መዝገብ ቤቱ ይዘጋል። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ነው የነገረኝ።»

ብዕሩ ገና እትዬ እጅ ላይ ነው፤ ቀሚሷን እንዳይነካባት ራቅ አድርጋ ይዛዋለች።

«ዕድሜዬ አልደረሰም እኮ» አለች በመጨረሻ።

«ያውቃል።»

«ሰኞ?» አየችው። «እና መሰላል ላይ አቁመህ ለራሴ መሸኛ ቤት ታስመታኛለህ?»

«አዎ» አላት። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ።

«ብፈርምስ ኖሮ?»

«ለዚህ ብዬ እኮ ነው የነገርኩሽ...»

«ለዚህ ነው አትበለኝ። ይቺ ቤት ሰኞም ነበረች።»

እውነቷን ነው። አዘነችበት፤ ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ በእሱ ነው ያዘነችው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አላለቀሰችም።

«ምነው ልጆች፣ ችግር አለ እንዴ?» አሉ አከራይዋ ከውስጥ።

«መጣን እማማ» አለች እትዬ። ካለችበት ግን አልተንቀሳቀሰችም።

የገጣሚው ስልክ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ሊዘጋው እጁን ሰደደና ተወው፤ አነሳው።

«እህሳ፣ አለቀ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ደስ ባለው ድምፅ። «ቲም ያለበትን መስመር ቶሎ በለኝ፤ ኬኩ ላይ ይጻፍ ብዬ ነው። ዳቦ ቤቱ እየጠበቀ ነው።»

ገጣሚው ልጆቹን አሰበ። ካሳ ክፍል ያለችውን ወንበሩን አሰበ። እትዬ ድምፁን ሰምታ ቀና ብላለች።

«ግጥም የለም፣ ጌታዬ» አለ። «ነግሬያታለሁ። አሁን አጠገቤ ናት፤ የቀረውን እርስዎ ይንገሯት።»

«እንዴት? ቆይ፣ ቆይ እንጂ! አሁን አይመቸኝም...»

ገጣሚው ስልኩን ከጆሮው አንስቶ ለእትዬ ዘረጋላት። እሷም ብዕሩን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና ተቀበለችው።

«አቤት» አለች። «እየሰማሁ ነው።»