የጓሮው በር

ዘሪቱና አበራሽ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ በአንድ ግቢ ተከራይተው ሲኖሩ፣ ሳይጣሉ የዋሉበት ቀን ቢፈለግ አይገኝም። ዘሪቱ ፕሮቴስታንት፣ አበራሽ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በሃይማኖት ግን አንድም ቀን ተጣልተው አያውቁም። የሚጣሉት በባልዲና በልብስ ማስጫ ገመድ ነው። ጠቡም አያድርም። አንዷ ሀለኮ የሚሉትን የሽፈራው ቅጠል ቀንጥሳ፣ ሌላዋ የበቆሎ ዱቄት ይዛ ብቅ ትላለች፤ ከሁለቱ የሚሠራው ኩርኩፋ ሲበስል ጠቡ የት እንደገባ አይታወቅም።

የቤት ማኅበሩ ዕጣ ሲወጣ ጀርባ ለጀርባ የሆኑ ቤቶች ደረሷቸውና እልል አሉ። ፕላኑን ሲያዩ ግን እልልታው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። በሁለቱ ጓሮዎች መካከል ከዳር እስከ ዳር ግንብ አለ። የአንዷ ደጅ ወደ ዓባያ ሐይቅ፣ የሌላዋ ወደ ተራራው ስለሚከፈት፣ ለመገናኘት ያንን ሁሉ የቤት ተርታ መዞር ግድ ነው። ባሏ የሞተባትና አንድ ልጇን ድራ ምዕራብ ዓባያ የላከችው ዘሪቱ፣ በአዲሱ ቤት ብቻዋን ከግንብ ጋር ስትፋጠጥ ታያትና ሆዷ ባባ። «በር ካልተፈቀደልን ቤቱም ይቅርብኝ» አለች፤ የምሯን ነበር።

ፕላኑ ይሻሻልልን ብለው አመለከቱና የከተማው የፕላን ኮሚቴ ግንባታው ድረስ መጣ። ሰብሳቢው አቶ ደግነት፣ የጸደቀ ፕላን ሲነካ የገዛ ጥርሱን የነቀሉት ያህል የሚያመው ሰው ነው። በዘሪቱ ጓሮ ቆሞ ግንቡን ሽቅብ ቁልቁል አይቶ፣

«በሩ የት ጋ እንዲሆን ነው የፈለጋችሁት?» አለ።

«ከኩሽናዬ አጠገብ» አለች ዘሪቱ።

«እኔ ሀለኮ የተከልኩበት ጋ» አለች አበራሽ፣ እኩል።

«ምን? ችግኝሽን እየረገጥኩ ልመላለስ?»

«አንቺስ ጭስሽን ልትግቺኝ ነው?»

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቁማቸው! ባልዲውም ገመዱም ከያለበት ተጠርቶ መጣ። አቶ ደግነት እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

«አመልካቾቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ግንቡ እንዳለ ይቀጥላል» አለ።

አበራሽ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ወርውራ እየተመናጨቀች ዞራ ወደ አዲሱ ቤቷ ሄደች። ዘሪቱ ያልተለሰነውን ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። በሯን በገዛ አፏ ነው ያስዘጋችው። ትንሽ አኮረፈች፤ ኩርፊያው ግን ብቻዋን አልዘለቅ አላት። ይቅርታ ልትጠይቅ ወጣች። በቀኝ ታጥፋ፣ ብሎኬቱንና የአሸዋ ክምሩን እየዘለለች፣ ተርታውን ዞራ አበራሽ ደጅ ደረሰች። ቤቱ ባዶ ነው።

«ትታኝ ሄደች!» አለች። ምናልባት መንገድ ላይ እደርስባት ይሆናል ብላ በዚያው ወደፊት እየሮጠች ዞረች። የራሷ ደጅ ስትደርስ ከላይ ሳቅ ሰማች። ኮሚቴው የቀጣዩን ቤት የሶሌታ ጣሪያ ሊያይ ወጥቶ፣ ከዚያ ሆኖ ሁሉን እያየ ነው። የኮሚቴው መሐንዲስ ብሩክታዊት ሆዷን ይዛለች።

«እትዬ ዘሪቱ፣ ባሉበት ይቁሙ! እትዬ አበራሽ እርስዎ ጋ መጥተው አጥተውዎት በዚያ በኩል እየሮጡ ነው! ሁለታችሁም እኮ በቀኝ ነው የምትታጠፉት!»

ዘሪቱ ቆመች። አበራሽ ላብ አጥምቋት፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ከጥጉ ብቅ አለች።

«የት ጠፋሽብኝ? ኩሽናው ጋ ይሁን ልልሽ እኮ ነው!»

«እኔም ሀለኮው ጋ ይሁን ልልሽ ነበር!»

ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ማልቀሳቸው ደግሞ አሳቃቸው። ዘሪቱ እንዲህ ደስ ካላት ስንት ጊዜ ሆኗት ነበር።

አቶ ደግነት ጥርሱን እየከደነ፣ ጥርሱም አልከደን እያለው ወረደ። «ለእነዚህ በር ካልፈቀድን ዙሪያውን አስፋልት ልናነጥፍላቸው ነው» ብሎ ፈረመ። ሌላ ጠብ ሳይነሳ በሚል ኖራ አንስቶ፣ እሱ ደስ ያለው ቦታ ላይ ትልቅ ምልክት አደረገ።

«በሩ እዚህ ነው። አለቀ!»

ሁለቱ ሴቶች ምልክቱን አዩት። እርስ በርስ ተያዩ።

«እዚያማ አይሆንም!» አሉ፣ በአንድ ድምፅ።