ሁሉንም በልታለች

በሕፃናት ማቆያው ውስጥ የሆድ ነገር ነውር አይደለም። የማን ቀጠነ፣ የማን ደረቀ፣ ማን ስንት ዳይፐር ጨረሰ የሚለውን ሞግዚቶቹ ሻይ እየጠጡ ያወሩታል። ወላጆችም ከሥራ መጥተው ገና ሰላምታ ሳይሰጡ «ዛሬስ ወጣለት?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ወጣለት ሲባሉ ፊታቸው ይፈካል። በዚህ ሁሉ ወሬ መሀል የራሷን ሆድ የምትደብቅ አንዲት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ አርባ ሁለት፣ ሥራዋ ሞግዚትነት፣ ቅጽል ስሟ ደግሞ ወፊት ነው።

ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። ምሳ ላይ ሁለት ማንኪያ ቀመስ አድርጋ «በቃኝ» ስትል፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ጥሬ ነው እንዴ የምትለቅሚው?» ብለው ሳቁባትና ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። እሷም አብራ ሳቀች። ትልቁ አንጀቷ ከቆሰለ ስድስት ዓመት እንደሞላው፣ በሽታው ይተኛል ይነሳል እንጂ ጨርሶ እንደማይለቅ፣ ሲነሳ ደም እንደሚያሳያት ለማንም ተናግራ አታውቅም። እንደማይተላለፍ ሐኪሟ ደጋግሞ ነግሯታል። እሷ ግን ወላጆቹ ይህን ሰምተው ልጃቸውን ከእጇ ሲቀሙ በዓይነ ሕሊናዋ ይታያት ነበር።

«አንዴ ጠግበሽ አትብዪ፤ በየሁለት ሰዓቱ ለስለስ ያለ መክሰስ ያዝ አድርጊ» ነበር ያላት ሐኪሙ። ለአፍ ቀላል ነው። ፖም ከነልጣጩ ሞከረች፤ ሦስት ቀን ከሽንት ቤት አላስወጣትም። ለውዝማ ጠላትም አይብላው። እርጎ አንድ ቀን ወዳጅ ይሆናትና በማግስቱ ጉድ ይሠራታል። ደረቅ ብስኩት ተስማምቷት ነበር፤ ግን ከወር በላይ ብስኩት ብቻ የሚቆረጥም ሰው ብስኩቱን በሩቁ ሲያይ ያንገሸግሸዋል። የማያሳምማት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙክክ ብሎ የተቀቀለና የተደፈጠጠ ድንች። ቤቷ ትቀቅላለች። ወደ ሥራ ይዛው ብትመጣ ግን ባልደረቦቿ «ምነው፣ ጥርስሽ ረገፈ እንዴ?» ይሏታል፤ ከሳቁ በኋላ ጥያቄ ይመጣል፤ ከጥያቄው በኋላ ደግሞ እውነቱ። ስለዚህ ከጠዋት እስከ ማታ በባዶ ሆዷ ትውላለች፣ ሆዷም እንደ ድመት ይቧጥጣታል።

ሚጢጢ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ሚጢጢ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ ናት፤ እናቷ ፖስታ ቤት ትሠራለች። ለልጇ የረፋድ መክሰስ ብላ ድንች፣ ካሮትና ሩዝ እስኪሟሟ ቀቅላ፣ ደፍጥጣ፣ ጨው ለምልክት ያህል ጣል አድርጋ፣ በአረንጓዴ ምሳ ዕቃ ታመጣለች። በማቆያው ደንብ መሠረት የተረፈ ምግብ አይደፋም፤ ወላጅ እንዲያየው በምሳ ዕቃው ይመለሳል። በልጁ ደብተር ላይም «ሩብ»፣ «ግማሽ» ወይም «ሁሉንም በልታለች» ተብሎ ይጻፋል።

የመጀመሪያው ቀን ሚጢጢ ግማሹን በልታ ፊቷን አዞረች። ወፊት ምሳ ዕቃውን ልትከድን ወደ ማጠቢያው ሄደች። ሽታው ልስልስ ያለ ነበር። ግራ ቀኝ አየችና አንድ ማንኪያ ቀመሰች፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ቆማ ጨረሰችው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሆዷ ዝም አለ። ሆዱ ዝም ብሎት የማያውቅ ሰው ነው ይህን የሚያውቀው፤ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀራትም። ደብተሩ ፊት ስትቀመጥ ግን ባዶ ምሳ ዕቃ መልሳ «ግማሽ» ልትል አልቻለችም። «ሁሉንም በልታለች» ብላ ጻፈች።

የሚጢጢ እናት ማታ አንብባ አጨበጨበች። «እኔ ቤት እንዲህ አትበላልኝም እኮ! እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ወፊት የምትገባበት ጠፍቷት የልጅቷን ጫማ ማሰር ጀመረች።

እንግዲህ ትርፍራፊ ነው የምበላው ትል ነበር ለራሷ። ሰው ራሱን ሲያታልል ብዙ አይቸገርም። ሌሎቹን ልጆች ስታበላ ማንኪያውን አውሮፕላን ታደርጋለች፣ ታንጎራጉራለች፣ አሻንጉሊቱን ታጎርሳለች፤ አንድ ልጅ አምስት ጊዜ ፊቱን ቢያዞር ስድስተኛ ትሞክራለች። ሚጢጢ አንዴ ፊቷን ካዞረች ግን «ጠገብሽ አይደል የኔ ቆንጆ» ትልና ማንኪያውን ታስቀምጣለች። ግማሽ የነበረው ሩብ ሆነ፤ ሩቡም ሦስት ማንኪያ ሆነ። እናትየው ደግሞ ደብተሩን አምና፣ ልጅቷ ማታ አልበላም ስትል «ቀን ጠግባለች» ብላ ትተዋታለች። የሚጢጢ ጉንጭ መጉደሉን ወፊት አይታለች። አይታ፣ ልጅ መራመድ ሲጀምር ይከሳል ብላ አለፈችው። እንዲህ ሦስት ወር ሄደ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት የሚጢጢ እናት ዓይኗ አብጦ መጣች። የልጅቷ ክንድ ላይ ደም የተቀዳበት ቦታ በፕላስተር ተሸፍኗል።

«ሁለት ወር ሙሉ ክብደቷ ንቅንቅ አላለም» አለች። «ሐኪሙ ደብተሩን ቅጠል በቅጠል አየው። ይህን ሁሉ እየበላች የማትወፍር ከሆነ ችግሩ አንጀቷ ነው አለኝ። ነገ ጠዋት በማደንዘዣ አስተኝተው በአፏ ቱቦ ሊያስገቡባት ነው። ይቺን የምታህል ልጅ!»

ወፊት ቱቦውን ታውቀዋለች። ማቅለሽለሹን፣ ከነቁ በኋላ ጉሮሮ እንዴት እንደሚላጥ ታውቃለች። አሁን መናገር ነበረባት። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «አይዞሽ፣ ምንም አይሆን» የሚል ብቻ ነበር። እናትየው ልጇን ሳመቻትና አውቶቡሱ እንዳያመልጣት እየሮጠች ወጣች። ወፊት ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ያን ጊዜስ ሆዷ አልነበረም ያስገባት፤ የሰው ዓይን ማየት አቅቷት ነው።

መክሰስ ሰዓት ሲደርስ ሚጢጢን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። አውሮፕላኑን አበረረች፣ አንጎራጎረች፣ አሻንጉሊቱን አጎረሰች። ልጅቷ ፊቷን ስታዞር ጠበቀቻት፣ ተመልሳ ስታይ ማንኪያው እዚያው ነበር። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሚጢጢ ሁሉንም በላች፤ ማንኪያውንም ላሰችው።

አጠገቧ ፎጣ የምታጣጥፍ አንዲት ጠና ያለች ሞግዚት በመገረም አየቻት። «ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው ወፊትዬ? ለዚች ልጅ ሦስት ማንኪያ ሰጥተሽ ትነሺ አልነበር?»

ክፋት አልነበረባትም፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ወፊት ፊቷ ጋለ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምናልባት እውነትም ልጅቷን አንጀቷ አሟት ይሆናል የሚል መሸሸጊያ ነበራት፤ እንዲያውም እንዲህ በሆነ ብላ ተመኝታ ነበር። የሰው ልጅ እንዲታመም መመኘቷ ትዝ ሲላት ራሷን ተጸየፈች።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲተኙ ንግግሯን አዘጋጀች። ልጅቷ በደንብ እንዳልበላች ትናገራለች፤ ማን እንደበላው ግን አትናገርም። ቱቦው ይቀራል፣ እሷም ትተርፋለች። ደግማ ደጋግማ በልቧ አለችው፤ ጥሩ ይመስል ነበር።

ማታ ኮሪደሩ በወላጆች ተሞልቶ፣ ሁሉም የልጁን ጫማ ሲፈልግ፣ የሚጢጢ እናት መጣች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ወፊት። «ሚጢጢ… አንዳንዴ ምግቡን ትተወው ነበር። ደብተሩ ላይ ያልኩትን ያህል አትበላም ነበር።»

እናትየው ግንባሯን ቋጠረች። «ምን ማለትሽ ነው? ምሳ ዕቃው ባዶውን ነው እኮ የሚመጣልኝ። ታዲያ የት ሄደ?»

ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ደፋሁት ልትል አስባ ነበር። «እኔ ነኝ የበላሁት» አለች።

እናትየው ቀልድ መስሏት ፈገግ ልትል ዳዳትና የወፊትን ፊት ስታይ ተወችው። ወፊትም ስድስት ዓመት የደበቀችውን፣ አንጀቷንም፣ ደሙንም፣ ባዶ ሆዷን መዋሏንም፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ አንድ በአንድ ተናገረች። ዛሬ ልጅቷ ሁሉንም መብላቷንም ነገረቻት። አንድ አባት የልጁን ጫማ አንድ እግር እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የማቆያው ኃላፊ ከቢሮዋ ብቅ አለች፤ ሰምታ ስትጨርስ «ነገ ልጆቹ ጋ ከመግባትሽ በፊት እኔ ጋ ነዪ» ብላ በሩን ዘጋች።

እናትየው ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላት። «ጻፊው። ሐኪሙ እኔን ሳይሆን ይህንን ነው የሚያምነው። በየቀኑ ስንት እንደሰጠሻት ጻፊ።»

ወፊት በልጆቹ ወንበር ላይ፣ ጉልበቷ ደረቷን እየነካት ተቀመጠች። «ሁሉንም በልታለች» የሚለውን በየገጹ እየሰረዘች፣ እያስታወሰች «ግማሽ»፣ «ሩብ»፣ «ሦስት ማንኪያ» ብላ ጻፈች። ሦስት ማንኪያ የሚለው ገጽ በዛ። ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ በአጠገቧ ሲያልፉ የማንንም ፊት አላየችም፤ ኮሪደሩ ባዶ እስኪሆን ጻፈች። በመጨረሻው ገጽ ላይ «የቀረውን የበላሁት እኔ ነኝ» ብላ ፈረመችበት።

እናትየው ቆማ አነበበችው። ሚጢጢን ታቅፋ ነበር፤ የልጅቷን እግር በእጇ ለክታ ጭምቅ አደረገችው። ወፊት ስድቡን ጠበቀች። ሌባ ትበለኝ፣ አረመኔ ትበለኝ ብላ አንገቷን ደፍታ ተሰናድታ ነበር።

«ድንች እኮ ነው!» አለች እናትየው፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ድንች! ብትነግሪኝ አንድ ጨምሬ መቀቀል ያቅተኝ ነበር?»

«አፈርኩ» አለች ወፊት።

«አፍረሽ ነው ልጄን ያስራብሻት?»

«አዎ» አለች።