አባቴ ከቦስተን ተሸንፎ የመጣ ጊዜ

አባቴ ኤልናታን ከቦስተን ተሸንፎ ሲመለስ፣ ባሌ ሲላስ ጠመንጃውን እየወለወለ ጠበቀው።

የካቲት ነበር፤ በረዶው ፈረስ ያሰጥማል። የከተማችን የሃርሎ ሰዎች የአሜሪካን አዲሱን ሕገ መንግሥት አንቀበልም ብለው አባቴን ቦስተን ላይ ወደሚወስነው ጉባኤ ልከውት ነበር። እንደ ልብ መናገሩ፣ እንደ እምነታችን ማምለኩ፣ ስንከሰስ በጎረቤቶቻችን መዳኘቱ፣ አንዱም እዚያ ወረቀት ላይ አልሰፈረም። «እምቢ በልልን» አሉት፤ እሱም እምቢ አለ። እሺ ያሉት ግን በጥቂት ሰው በለጡ።

ሲላስ አንዳንድ ጎረቤቶቻችንን አስተባብሮ በመንግሥት ላይ ሊነሳ ቆርጧል። ባለፈው ዓመት ገበሬው በዕዳ በሚያስሩት ፍርድ ቤቶች ላይ ሲነሳ አብሮ ወጥቶ፣ ከመሰቀል የተረፈው ለጥቂት ነው። ዘንድሮ ከያዙት እንደማይምሩት አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን ልወልድ ቀኔ ደርሷል። እንቅልፍ አጥቼ ሰነበትኩ።

ከተማው በጸሎት ቤቱ ተሰበሰበ። ጠመንጃዎቹ በሩ ጋ ተደግፈው ቆሙ። እኛ ሴቶች ሰገነቱ ላይ ነን፤ ማየት እንጂ መናገርም መቆጠርም የለም። ከታች አባቴ «ተሸንፈናል፤ ውሳኔውን እንቀበል» አለ።

ሲላስ ብድግ አለ። «አባባ፣ እርስዎ በእንግሊዙ ንጉሥ ላይ ጠመንጃ ያነሱ ሰው አይደሉም እንዴ? ዛሬ ምን ነካዎት? ቦስተኖች ወይን አጠጥተው ሸኙዎት?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ወይኑስ ነበር፤ እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ እንጂ» አለ አባቴ። ሳቁ በረድ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ልጄ። ንጉሡ ግብር ሲጭንብን ማን ጠየቀኝ? ማንም። ቦስተን ላይ ግን ተነስቼ እምቢ አልኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ፤ ድምፄንም ቆጠሩት። ባሸንፍ ኖሮ እንዲቀበሉኝ እፈልግ ነበር። ስሸነፍ አሻፈረኝ ካልኩ ምኑን ሰው ሆንኩ? መብታችን እንዲጨመር የጠየቅነውንም ከውሳኔው ጋር ልከውታል። እስኪጨምሩት ድረስ እነዘንዛቸዋለሁ!»

«እንግዲያው ከተማው ይወስን!» ብሎ ጮኸ ሲላስ። «እንነሳ ወይስ እንቀመጥ፣ ድምፅ ይሰጥበት!»

አባቴ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ዳማ ሲጫወት ነው የምትመጣበት።

እኛ ዘንድ ነገሩ ሲከር እጅ ማውጣት አይበቃም፤ የሚደግፍ ወደ ቀኙ ግድግዳ፣ የሚቃወም ወደ ግራው ሄዶ ይቆማል። ሲላስ በቁጣ ወደ ቀኝ ሄደ። ሰብሳቢው እያንዳንዱን ትከሻውን እየነካ ቆጠረ። ግራው በለጠ።

«ይደገም!» አለ ሲላስ። ተደገመ፤ የተነጫነጨ የለም። ግራው አሁንም በለጠ።

«እህ፣ አማቼ» አለ አባቴ። «ድምፅ ይሰጥ ያልከው አንተ ነህ። ተሸንፈሃል። ምን ልትሆን ነው?»

ሲላስ በሩ ጋ ያለውን ጠመንጃውን አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ።

«ተሸነፍኩ» አለ። ፊቱ እንደ ፍም ቀላ። «ግን በመጋቢቱ ምርጫ እርስዎን ከከተማው ሹምነት ወንበርዎ ካላወረድኩ ሲላስ አይደለሁም!»

«ይኸውልህ!» አባቴ ደስታውን መሸሸግ አቃተው። «አውርደኛ! ማን ከለከለህ!»

እኔ እዚያው ሰገነት ላይ እንባዬ ወረደ። በአባቴ ኮራሁ፤ ከአባቴ ይልቅ ግን በዚያ ቱግ ባይ ባሌ ኮራሁ። ማታ ጠመንጃውን ራሱ ከእሳቱ በላይ ሰቀለው።

መጋቢት መጣ፣ እንዳለውም አባቴን አወረደው። ቆጠራው እንዳለቀ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሄዶ የሲላስን እጅ የጨበጠው አባቴ ነበር፤ በሌላ እጁ ልጃችንን ታቅፎ።